ለሌላ ሰው የተደወሉ 163 ጥሪዎች

እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2013 እስከ ኦገስት 2014 ባለው ጊዜ ውስጥ በቴክሳስ የሚኖሩ አንዲት ሴት በተንቀሳቃሽ ስልካቸው ላይ ከአንድ ኩባንያ 163 ጥሪዎች ደረሷቸው። ደዋዩ በወቅቱ ከአሜሪካ ታላላቅ የኬብል ቴሌቪዥንና የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪዎች አንዱ የነበረው ታይም ዋርነር ኬብል ነው። ይሁን እንጂ ኩባንያው የሚፈልገው እሳቸውን አልነበረም። ይፈልግ የነበረው ሂሳቡን በወቅቱ ያልከፈለ ሌላ ደንበኛውን ሲሆን፣ ያ ሰው ቀድሞ ይጠቀምበት የነበረው የስልክ ቁጥር እሱ ከተወው በኋላ ለእኚህ ሴት ተሰጥቷል። ቁጥሩ ባለቤቱን ቀይሯል፤ በኩባንያው መዝገብ ውስጥ ግን የቀድሞው ሰው ስም ከቁጥሩ ጋር እንደተጣበቀ ቀርቷል።

ይህን ጉዳይ ለጥናት የመረጥኩት ፍርድ ቤት ደርሶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቁጥር የተመዘገበ በመሆኑ ነው። አብዛኞቻችን ለተሳሳተ ጥሪ «ተሳስተዋል» ብለን ስልኩን እንዘጋለን፤ ስንት ጊዜ እንደተደወለልን፣ መቼ እንደተናገርን፣ ከተናገርን በኋላስ ስንት ጊዜ እንደተደገመ አንቆጥርም። እዚህ ግን ሁሉም ተቆጥሯል፤ መቆጠሩም ለጉዳዩ ወሳኝ ሆኗል። በተጨማሪም እኔ የምኖረው በዚያው በቴክሳስ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሰፈሩበት በዳላስ አካባቢ ነው፤ እናቴ ወደዚህ አገር በመጣች በመጀመሪያው ወር ይኸው ችግር በቤታችን ደርሷል፤ ስለ እሱ ወደ በኋላ እመለሳለሁ።

በመጀመሪያ ደዋዩ ማን እንደነበረ ግልጽ መሆን አለበት። በአብዛኛዎቹ ጥሪዎች በሌላኛው ጫፍ ሰው አልነበረም። ኩባንያው የሚጠቀምበት ሥርዓት የደንበኞችን መዝገብ እያነበበ፣ ክፍያቸው የዘገየባቸውን እየለየ፣ በመዝገቡ የሰፈረውን ቁጥር በራሱ እየደወለ በተቀዳ ድምፅ መልእክት የሚያስተላልፍ ነው። ይህ ዓይነቱ መሣሪያ አይደክመውም፣ አያፍርም፣ ትናንት የተነገረውንም ሰው ካልጻፈለት በስተቀር አያስታውስም። አገራችን ውስጥ በስህተት የደወለ ሰው «ማን ልበል?» ሲባል ስሙን ይናገራል፤ መሳሳቱን ሲረዳ «ይቅርታ እናቴ» ወይም «ይቅርታ ወንድሜ» ብሎ ይሰናበታል፤ አንዳንዴም ሁለቱ ሳይተዋወቁ ስለ ጤናቸው ተጠያይቀው ይለያያሉ። ያ ስህተት በንግግር ይታረማል። የመሣሪያ ስህተት ግን በመዝገብ ብቻ ነው የሚታረመው፤ ጉዳዩን ከባድ ያደረገውም ይህ ነው።

ቁጥሩ ከሰው ወደ ሰው የተላለፈበት መንገድ ደግሞ እንግዳ ነገር አይደለም። በሰሜን አሜሪካ የስልክ ቁጥር የአካባቢ ኮዱን ጨምሮ አሥር አሃዝ ያለው ውስን ሀብት ስለሆነ፣ አንድ ደንበኛ መስመሩን ሲዘጋ ቁጥሩ አይጣልም፤ ለተወሰነ ጊዜ አርፎ እንደገና ለሌላ ይሸጣል። የአሜሪካን የስልክ አገልግሎት የሚቆጣጠረው የመንግሥት አካል፣ የፌዴራል ኮሙኒኬሽንስ ኮሚሽን፣ እንደሚለው በየዓመቱ ወደ 35 ሚሊዮን የሚሆኑ ቁጥሮች ተቋርጠው ዳግም ለመሰጠት ይዘጋጃሉ። ስለዚህ አዲስ መስመር የሚያወጣ ሰው፣ በተለይም ከውጭ አገር ገና የገባ፣ የማያውቀውን ሰው ዕዳ፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ የወዳጅ ጥሪና የባንክ መልእክት አብሮ የመረከብ ዕድሉ ሰፊ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ኦክቶበር 3 ቀን 2013 ከሳሿ በስልክ ከኩባንያው ሠራተኛ ጋር ተገናኙ። ንግግሩ ሰባት ደቂቃ ያህል ወስዷል። የሚፈለገው ሰው እሳቸው አለመሆናቸውን አስረድተው ጥሪው እንዲቆም ጠየቁ። ይህ ንግግር በመላው ጉዳይ ውስጥ ትልቁን ክብደት የሚሸከም ድርጊት ነው፤ ከዚያ ቀን በፊት ኩባንያው የቁጥሩን መተላለፍ አላወቀም ሊባል ይችላል፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን አላወቅሁም ማለት አይችልም። ከ163ቱ ጥሪዎች መካከል 10ሩ ብቻ ከዚህ ንግግር በፊት የተደረጉ ሲሆኑ፣ 153ቱ ከንግግሩ በኋላ የተደረጉ ናቸው። ከሳሿ ከተናገሩ በኋላም ቢሆን በአማካይ በሁለት ቀን አንድ ጊዜ ገደማ ይደወልላቸው ነበር ማለት ነው።

ሰባት ደቂቃ ረጅም ጊዜ ነው። አንድ ሠራተኛ በዚያ ጊዜ ውስጥ ስሙን ሰምቶ፣ ቁጥሩን አረጋግጦ፣ ከደንበኛው መዝገብ ላይ ሊሰርዘው ይችላል። ያልተደረገበትን ምክንያት ስናስብ ሠራተኛው ክፉ ነበር ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ እኔ ግን እንደዚያ አላየውም። የጥሪ ማዕከል ሠራተኛ የሚመዘነው ስልኩን ባነሳበትና በዘጋበት ፍጥነት ነው፤ የሌላ ደንበኛን መዝገብ እንዲያስተካክል የሚያስችለው ሥልጣንም ሆነ ቅጽ ላይኖረው ይችላል። ከሰው የተሰማው ቃል ወደ መሣሪያው የሚደርስበት መንገድ ካልተሠራ በስተቀር ደዋዩ አካል በአንድ ጆሮው የሰማውን በሌላው አፉ ይክደዋል። ይህን መንገድ የመሥራት ግዴታ ያለበት ደግሞ የሚደወልለት ሰው ሳይሆን መሣሪያውን ገዝቶ ያስቀመጠው ነው።

ጥሪው ባለመቆሙ ከሳሿ ማርች 2014 ክስ መሠረቱ። የክስ ወረቀት ከደረሰው በኋላ ማንኛውም ድርጅት ቢያንስ ያንን አንድ ቁጥር ከመዝገቡ ያነሳል ብሎ መጠበቅ ተገቢ ነው። እንደዚያ አልሆነም፤ ክሱ ከተመሠረተ በኋላ ሌላ 74 ጊዜ ተደውሏል። በአንድ በኩል የኩባንያው ጠበቆች መልሳቸውን እያዘጋጁ፣ በሌላ በኩል የኩባንያው መሣሪያ በዚያው ጉዳይ በከሰሱት ሴት ስልክ ላይ የሌላ ሰው ዕዳ ይጠይቅ ነበር። በመዝገቡ ውስጥ ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝ ይህ ቁጥር ነው፤ ሰው ሲናገርም፣ ሰው ሲከስም፣ ሁለቱም የመሣሪያው ዝርዝር ዘንድ አለመድረሳቸውን ያሳያልና።

ክሱ የተመሠረተበት ሕግ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የስልክ ተጠቃሚዎች ጥበቃ ሕግ ነው። ይህ ሕግ የሚደወልለት ሰው ሳይፈቅድ በራስ ሰር መደወያ ወይም በተቀዳ ድምፅ ወደ ተንቀሳቃሽ ስልክ መደወልን ይከለክላል። ለእያንዳንዱ ጥሪ 500 ዶላር ካሳ ይደነግጋል፤ ደዋዩ እያወቀ ወይም ሆን ብሎ የጣሰው ከሆነ ደግሞ ዳኛው ካሳውን እስከ ሦስት እጥፍ፣ ማለትም እስከ 1,500 ዶላር፣ ከፍ ማድረግ ይችላል። ኩባንያው የተከራከረው ፈቃድ የሰጠውን ደንበኛውን እንደሚያገኝ በቅን ልቦና አምኖ ነው የደወልኩት በማለት ነበር። እዚህ ላይ የሕጉ ቃል መልስ የሚሻ ጥያቄ ያነሳል፦ ፈቃዱ የሚፈለገው ከማን ነው? ሊገኝ ከታሰበው ሰው ነው ወይስ ስልኩን በእጁ ከያዘው?

ጁላይ 2015 በኒውዮርክ የፌዴራል ወረዳ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ያዩት ዳኛ አልቪን ሄለርስታይን መልሱ ሁለተኛው እንደሆነ ወሰኑ። ፈቃድ መስጠት የሚችለው ስልኩ የሚጮኽበት ሰው ነው፤ የሄደው ሰው ፈቃድ ቁጥሩን ተከትሎ ወደ አዲሱ ባለቤት አይተላለፍም። ከኦክቶበር 3ቱ ንግግር በፊት ለተደረጉት 10 ጥሪዎች ኩባንያውን ተጠያቂ አላደረጉትም፤ ለ153ቱ ግን በእያንዳንዱ 1,500 ዶላር አስልተው 229,500 ዶላር እንዲከፍል ፈረዱበት። በውሳኔያቸውም ኩባንያው ከሳሿን ክስ እስኪመሠርቱ ድረስ እንዳስቸገራቸው፣ ከክሱም በኋላ ቢሆን በሥርዓቱ ውስጥ ያለውን መረጃ ለማስተካከል እንዳልተጋ በጠንካራ ቃል ገለጹ። ካሳው በሦስት እጥፍ የተባዛው በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙ ጋዜጦች ዜናውን እዚህ ላይ አቁመውታል፤ ጉዳዩ ግን አላለቀም። ኩባንያው ይግባኝ ጠየቀ፤ ጁን 2018 ከኒውዮርክ የሚመጡ የፌዴራል ይግባኞችን የሚሰማው ሁለተኛው ወረዳ የይግባኝ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሽሮ ጉዳዩን ወደ ሥር ፍርድ ቤት መለሰው። ይግባኝ ሰሚው የሻረው ከሳሿ አልተበደሉም ብሎ አይደለም፤ ጥሪዎቹ መደወላቸውም ሆነ ሴትየዋ አቁሙ ማለታቸው አከራካሪ አልነበረም። ያከራከረው አንድ ቃል ነው፦ «አቅም»። ሕጉ ራስ ሰር መደወያ የሚለው የተወሰነ ሥራ ለመሥራት አቅም ያለውን መሣሪያ ነው። የሥር ፍርድ ቤቱ፣ በወቅቱ የኮሚሽኑ አተረጓጎም እንደሚለው፣ መሣሪያው ወደፊት ተሻሽሎ ሊኖረው የሚችለውንም አቅም ቆጥሮ ነበር። ማርች 2018 የዋሽንግተን ዲሲ ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ያንን አተረጓጎም ውድቅ አደረገው፤ በዚያ ስሌት አንድ መተግበሪያ ተጭኖበት ብቻ የማንኛችንም ኪስ ውስጥ ያለ ዘመናዊ ስልክ ሕጉ የሚከለክለው መሣሪያ ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ የሁለተኛው ወረዳ ፍርድ ቤት መታየት ያለበት መሣሪያው አሁን ባለበት ሁኔታ ሊሠራ የሚችለው ነው በማለት ፍሬ ነገሩ እንደገና እንዲመረመር አዘዘ።

በሕጉ አነጋገር ፍርድ ቤቱ ትክክል ሊሆን ይችላል። እኔን የሚከነክነኝ ክርክሩ ከነበረበት ቦታ የተሰደደበት ርቀት ነው። ጥያቄው «እንደማይመለከታቸው ነግረውህ ስለምን ደወልክ?» የሚል ነበር፤ ወደ «መሣሪያህ ምን ዓይነት ነው?» ተለወጠ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2021 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሌላ ተመሳሳይ ጉዳይ ላይ በሙሉ ድምፅ፣ በዳኛ ሶኒያ ሶቶማዮር ጸሐፊነት፣ በሩን ይበልጥ አጠበበው። በዚያ ጉዳይ አንድ የሞንታና ነዋሪ የፌስቡክ ገጽ ሳይኖራቸው ከፌስቡክ የመግቢያ ማስጠንቀቂያ መልእክት በተደጋጋሚ ይደርሳቸው ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራስ ሰር መደወያ የሚባለው ቁጥሮችን በዘፈቀደ ወይም በተርታ የሚያመነጭ መሣሪያ ብቻ ነው አለ። ከተዘጋጀ የደንበኞች ዝርዝር ላይ እያነበበ የሚደውል መሣሪያ በዚህ ትርጉም ውስጥ አይገባም። ለተበደለው ሰው የቀረለት መደገፊያ በሕጉ ውስጥ ለብቻው የተቀመጠው የተቀዳ ድምፅ ክልከላ ነው፤ ይህ ስለ መደወያው ዓይነት አይጠይቅም። ስለዚህ ዛሬ ጥሪ የሚመጣበት ሰው በመጀመሪያ ማስተዋል ያለበት የሚያናግረው ሕያው ሰው መሆኑን ወይም የተቀዳ ድምፅ መሆኑን ነው።

ከዚህ ሁሉ ክርክር ውጪ አንድ ጠቃሚ ሥራ ተሠርቷል። ኮሚሽኑ ዲሴምበር 2018 ባሳለፈው ውሳኔ መሠረት የስልክ ኩባንያዎች በቋሚነት የተቋረጡ ቁጥሮችን በየወሩ ለአንድ ማዕከላዊ የመረጃ ቋት ያስታውቃሉ፤ የተቋረጠ ቁጥርም ቢያንስ 45 ቀን ሳያርፍ ለሌላ ሰው አይሰጥም። ቋቱ ኖቬምበር 1 ቀን 2021 ሥራ ጀምሯል። ደዋዩ ድርጅት ቁጥሩንና ፈቃድ ያገኘበትን ቀን ሲያስገባ ቁጥሩ ከዚያ ቀን ወዲህ ተቋርጦ እንደሆነ «አዎ»፣ «አይደለም» ወይም «መረጃ የለም» የሚል መልስ ያገኛል። ቋቱ «አይደለም» ብሎ ቢሳሳት እንኳ ጠይቆ የደወለው ድርጅት ከተጠያቂነት ይጠበቃል። ለእኔ ከፍርዱ ገንዘብ ይልቅ ይህ ይበልጥ ዋጋ አለው፤ ከ2013 በፊት ቢኖር ኖሮ 163ቱም ጥሪዎች በአንድ ጥያቄ ይቀሩ ነበርና። ድክመቱ አገልግሎቱ ክፍያ ያለበት መሆኑና ሳይጠይቁ የሚደውሉ መኖራቸው ነው።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። እናቴ እዚህ ስትመጣ ባወጣንላት መስመር ላይ ገና በመጀመሪያው ሳምንት የአንድ ሰው ስም እየጠራ የተቀዳ ድምፅ ይደወል ጀመር። እንግሊዝኛ አትችልም፤ ስልኩን ግን በየጊዜው ታነሳና «ማን ልበል?» ትላለች፤ ድምፁም ሳይመልስላት ንግግሩን ይቀጥላል። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ተጨንቃ አገኘኋት። «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚፈለገው? ቤተሰብ የለውም እንዴ?» አለችኝ። ቁጥሩን እንቀይረው ስላት እንቢ አለች፤ ቁጥሯን አዲስ አበባ ላሉት እህቶቿ፣ ለቤተ ክርስቲያን ማኅበሩና ለሐኪም ቤቱ ሰጥታለች።

ለእንደዚህ ያለ ችግር የተለመደው ምክር የማታውቁትን ቁጥር አታንሱ የሚል ነው። ይህ ምክር ለብዙዎች ይሠራል፤ ዘመድ ከአገር ቤት በሚደውልባቸው ቤቶች ግን አይሠራም። ከኢትዮጵያ የሚመጣ ጥሪ በየአጋጣሚው በተለያየ፣ አንዳንዴም ፈጽሞ በማይታወቅ ቁጥር ይታያል። የሞት መርዶም ሆነ የልደት ደስታ በዚያ ነው የሚመጣው። እናቴ ስልኩን አላነሳም ብትል የምታጣው ነገር በጣም ትልቅ ነው። የማይታወቁ ቁጥሮችን ሁሉ ዝም የሚያሰኘውን የስልኩን ማስተካከያ ለአንድ ቀን ሞክረን ማታውኑ አነሳነው፤ ደዋዩን ቁጥር ለይቶ መዝጋትም ለሁለት ቀን ብቻ አሳርፎን በሌላ ቁጥር ተመልሶ መጣ።

ስለዚህ የቴክሳሷን ሴት መንገድ ተከተልን። በአንድ ደብተር ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ የደወለው ቁጥር፣ የተቀዳ ድምፅ ወይም ሰው መሆኑን መጻፍ ጀመርን። እናቴ የአማርኛ ሰዓቷን ትጽፋለች፤ እኔ ማታ ወደ እነሱ ሰዓት እቀይረዋለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ሰው አግኝቼ ሳናግር፣ ቁጥሩን ከዝርዝሩ ለማውጣት የእናቴን የልደት ቀንና የሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥሯን፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት የሚሰጠውን የግል መለያ ቁጥር፣ የመጨረሻ አራት አሃዞች ጠየቀኝ። እምቢ አልኩት። ያልተበደረ ሰው ያልተበደረ መሆኑን ለማስረዳት የግል መረጃውን የሚሰጥበት ምክንያት የለም፤ አንዴ ከሰጠ ደግሞ ስሙ ከሌላው ዕዳ ጋር በአዲስ መዝገብ ሊያያዝ ይችላል፤ ጥያቄው ከአጭበርባሪ የመጣ ከሆነም ጉዳቱ የባሰ ነው። ለደዋዩ መንገር የሚበቃው «ይህ ቁጥር አሁን የሌላ ሰው ነው፤ የምትፈልጉትን ሰው አናውቀውም፤ እዚህ ቁጥር ላይ መደወል አቁሙ» የሚለው ብቻ ነው። የድርጅቱን ሙሉ ስምና አድራሻ ተቀብዬ ንግግራችን የተካሄደበትን ቀንና ሰዓት መዘገብኩ።

ደዋዩ የሌላን ድርጅት ዕዳ የሚሰበስብ አካል ሆኖ ተገኘ፤ ይህ ልዩነት ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የዕዳ አሰባሰብ ሕግ የሚገዛው በዋነኛነት ለሌላ የሚሰበስቡትን ነው፤ የራሱን ሂሳብ የሚጠይቀውን እንደ ኬብል ኩባንያው ያለውን በአብዛኛው አይነካም። በዚህ ሕግ መሠረት ሰብሳቢው ተበዳሪ ያልሆነን ሰው ማነጋገር የሚችለው የተበዳሪውን አድራሻ ለማግኘት ብቻ ሲሆን፣ ይህንንም በመሠረቱ ከአንድ ጊዜ በላይ ማድረግ አይችልም፤ ዕዳ መኖሩንም መናገር የለበትም። ከኖቬምበር 30 ቀን 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ደንብ ደግሞ ለአንድ ዕዳ በሰባት ቀን ውስጥ ከሰባት ጊዜ በላይ መደወልን እንደ ማስቸገር ይገምተዋል። የደብተሩን ቀናት ቆጥሬ፣ ሁለት የተለያዩ ሳምንታት ከሰባት በላይ ጥሪ እንዳለባቸው በደብዳቤው ላይ አስፍሬ፣ መድረሱ በፊርማ በሚረጋገጥ ፖስታ ላክሁት። ደብዳቤው አንድ ገጽ ነበር። የእናቴን ስም አልጻፍኩበትም፤ ቁጥሩን፣ ቀኖቹንና የተናገርኩበትን ቀን ብቻ ነው የያዘው። ግልባጩንና የፖስታ ደረሰኙን በደብተሩ ሽፋን ውስጥ አስቀመጥኩ።

የፖስታ ደረሰኙ ፊርማ ከተመለሰልን በኋላ ሁለት ጥሪዎች ብቻ መጡ። ሁለተኛው ላይ እናቴ እንደልማዷ «ማን ልበል?» ብላ የሚያናግራት ስታጣ ዘጋችው፤ ሰዓቱንም ጻፈችው። ከዚያ ወዲህ ደብተሩ ላይ የጥሪ መዝገብ የለም። የተረፉት ገጾች ላይ የእህቶቿን፣ የማኅበሩንና የሐኪም ቤቱን ቁጥሮች በእጇ ጽፋባቸዋለች፤ ከሁሉ በላይ፣ በመጀመሪያው ባዶ ገጽ ላይ፣ የራሷን አዲስ ቁጥር።